ተመሳሳይነትና እኩልነት በአንድ የልጆች ልብ ወለድ



ለልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ የመሐንዲሶች መነጋገሪያ መሆኑ ለጊዜው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊቷ ደራሲ ማድሌን ሌንግል በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ኤ ሪንክል ኢን ታይም»፣ በአማርኛ «የጊዜ እጥፋት» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ፣ የሚያነሣው ጥያቄ ሙያችንን በቀጥታ የሚነካ ነው። መጽሐፉ ከ20 የሚበልጡ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ ታትሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳልያ ለመሸለም በቅቷል።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሜግ ማሪ የምትባል ልጃገረድ ናት። በሒሳብ የበረታች ብትሆንም ከትምህርት ቤቷ ሥርዓት ጋር አትስማማም፤ ቁጡ፣ ግትርና በመልኳ የምታፍር ናት። የፊዚክስ ሊቅ የሆነው አባቷ ለመንግሥት ሥራ እንደ ወጣ ደብዛው ጠፍቷል። ስለዚህ ሜግ፣ ታናሽ ወንድሟ ቻርልስ ዋላስና ጓደኛቸው ካልቪን፣ ሦስት ምሥጢራዊ ወይዛዝርት እየመሯቸው እርሱን ፍለጋ ወደ ሌሎች ዓለማት ይጓዛሉ።

የጉዞው ዘዴ «ቴሰራክት» ይባላል። ቃሉ በሒሳብ ባለ አራት ዳይሜንሽን ኩብ ማለት ሲሆን ደራሲዋ ለምናቧ እንዲመች አድርጋ ተጠቅማበታለች። በተዘረጋ ጨርቅ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ መጓዝ አለባት፤ ጨርቁ ታጥፎ ጫፎቹ ከተገናኙ ግን ወዲያው ትሻገራለች። ደራሲዋ ጠፈርን የምታጥፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ልጆቹ አባትየው ወደ ታሰረበት ወደ ካማዞትስ ሲደርሱ የሚያዩት ከተማ እጅግ የተስተካከለ ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በየደጃፉ የሚጫወቱት ሕፃናት ኳሳቸውን የሚያነጥሩት በአንድ ምት ነው። ምቱን የሳተ አንድ ልጅ ብቻ ይታያል፤ እናቱም በድንጋጤ ወጥታ ወደ ቤት ታስገባዋለች። ኋላም ያው ልጅ ኳሷ ወለሉን በነካች ቁጥር እየተሠቃየ ምቱን እንዲማር ሲገደድ ይገኛል። ይህን ሁሉ የሚመራው «ኢት» የሚባል፣ አካል የሌለው አንድ ትልቅ አንጎል ነው።

«ኢት» ቻርልስ ዋላስን ከማረከ በኋላ በሕፃኑ አንደበት የሚያቀርበው መከራከሪያ፣ በዚያ ዓለም ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም እኩል ነው የሚል ነው። ሜግ ግን መመሳሰልና እኩልነት አንድ አለመሆናቸውን ታስተውላለች። የመጽሐፉ ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ይህ ልዩነት ለመሐንዲስ ቀላል አይደለም። በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ብሎን በሌላ ፋብሪካ ከተሠራ ዳዶ ጋር ሊገጥም የሚችለው መመሳሰል በመኖሩ ነው፤ ያለ ደረጃ መለኪያ ድልድይም ሆነ ሞተር አስተማማኝ ሊሆን አይችልም። ካማዞትስ የሚያሳየው ግን ለብሎን የወጣው መለኪያ ለሰው ሲውል የሚደርሰውን ጥፋት ነው።

ክፉው ኃይል አንጎል በመሆኑ መጽሐፉ ዕውቀትን ያወግዛል የሚል ቢኖር አንድ ትዕይንት ይመልስለታል። «ኢት» የሜግን አእምሮ በምቱ ሊውጥ ሲል ልጅቷ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በቃሏ መጥራት ትጀምራለች። አባቷ ግን ይህ ምት የበዛበት ስለሆነ የ5ን ስኩዌር ሩት እንድታሰላ ይጮኽላታል። 2.236 ብሎ የሚጀምረው ይህ ቁጥር አሃዞቹ ያለ ማብቂያና ያለ ተደጋጋሚ ሥርዓት የሚቀጥሉ ናቸው፤ ስለዚህም ሒሳብ በራሱ የነፃ አእምሮ ምሽግ ሆኖ ይገኛል።

ይሁንና ምሽጉ ብቻውን አይበቃም። አባትየው ሜግንና ካልቪንን ይዞ ሲያመልጥ ቻርልስ ዋላስ እዚያው ይቀራል። አባቴ ሁሉን ያስተካክላል ብላ የኖረችው ሜግ እጅግ ትቆጣለች፤ ውሎ አድሮ ግን ሊቅ መሆን ሁሉን ቻይ መሆን እንዳልሆነ ትረዳለች። ወንድሟን በቅርብ የምታውቀው እርስዋ ስለሆነች ብቻዋን ትመለሳለች። በጥላቻ ልትዋጋ ስትሞክር ይበልጥ ትሸነፋለች፤ ለወንድሟ ያላት ፍቅር ግን «ኢት» የሌለው ነገር በመሆኑ ሕፃኑን ያስለቅቃል። ወደ ካማዞትስ ከተማ ከመግባቷ በፊት እንደ ስጦታ የተሰጣት የራስዋ ጉድለት፣ በተለይም ግትርነቷ፣ በመከራው ጊዜ ስንቅ ሆኗታል።

እንግዲህ ሥራው ሕዝብን የሚያገለግል ሥርዓት መንደፍ የሆነ ባለሙያ ከዚህ መጽሐፍ የሚያገኘው ቁም ነገር አለ። ንድፉ ሲጠናቀቅ ከሚፈተሹት ነገሮች መካከል አንዱ ኳሱን በራሱ ምት የሚያነጥረው ልጅ ዕጣ ሊሆን ይገባል፦ በሥርዓቱ ውስጥ ስፍራ ተሰጥቶታል ወይስ እንደ ብልሽት ተቆጥሯል?