ዘፈኑ የማን ነው?



ዛሬ ማታ የተሰበሰብነው ሸክላ ለማዳመጥ ነው። ነገር ግን ሸክላው ከመዞሩ በፊት ዜማውን ስለ ጻፈው ሰው ጥቂት እንድንናገር ጓደኞቻችን ፈቅደውልናል። ሰውየው ዊልያም ክሪስቶፈር ሃንዲ ይባላል። የታወቀው በድምፁ አይደለም፤ ኮርኔት የሚነፋ፣ ባንድ የሚመራና ዜማ በኖታ የሚጽፍ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የመረጥነውም ዝናው ስቦን ብቻ አይደለም። አንድ ዘፈን የማን ሀብት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ከእርሱ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘን ነው።

ሃንዲ በ1873 በአላባማ ግዛት ፍሎረንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። ልጁ ገንዘብ አጠራቅሞ ጊታር ገዝቶ ቢመጣ፣ አባት የሰይጣን መጫወቻ ከቤታቸው እንዳይገባ ከልክለው ወደ ሱቅ መልሶ በመዝገበ ቃላት እንዲለውጠው አዘዙት። በዚህ አዳራሽ ያለን ሁሉ መዝገበ ቃላትን የምናከብር ብንሆንም፣ ለልጁ ሳናዝን አንቀርም። ኦርጋን እንዲማር ግን ተፈቀደለት፤ ኮርኔቱን በድብቅ ተማረ። ካደገም በኋላ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ሴንት ሉዊስ ደርሶ፣ ባዶ ኪሱን በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በድንጋይ ንጣፍ ላይ ያደረባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ከ1900 እስከ 1902 በአላባማ በሚገኝ የጥቁሮች ኮሌጅ ሙዚቃ አስተማረ። እዚያ የሠራትን ተንኮል መምህራኖቻችን ፊት መናገር ደስ ይለናል። በኮሌጁ የአውሮፓ ሙዚቃ ሲከበር የአገሬው ዜማ ይናቅ ነበር። ሃንዲ አንዲት ተራ የራግታይም ዜማ ወስዶ ለባንዱ አዘጋጀና፣ የሄይቲን ጀግና ቱሳን ሉቨርቱርን የሚያወድስ ታላቅ ርእስ ሰጣት። ታዳሚውም፣ የኮሌጁም ሹማምንት፣ ምን እንደ ሰሙ ሳያውቁ ተደሰቱ። ይህን በኋላ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ አጫውቶናል።

ከዚያ ወደ ሚሲሲፒ ወርዶ በክላርክስዴል ከተማ ባንድ መምራት ጀመረ። በ1903 ገደማ አንድ ሌሊት በተትዋይለር ባቡር ጣቢያ የዘገየ ባቡር ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ አጠገቡ ልብሱ ያለቀ፣ ጣቶቹ ከጫማው የወጡ አንድ ጥቁር ሰው ተቀምጦ፣ በጊታሩ አውታር ላይ ቢላዋ እያንሸራተተ ይዘፍናል። የሚዘፍነው ሁለት የባቡር ሐዲዶች ስለሚገናኙበት ቦታ ነበር፤ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ይለዋል። ሃንዲ እንዲህ ያለ እንግዳ ሙዚቃ ከቶ አልሰማሁም ብሏል። የጊታር መቺውን ስም ግን አልጻፈም። ይህን ሰው እባካችሁ አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

ሌላ ጊዜ ክሊቭላንድ በምትባል የዚያው ግዛት ከተማ የሃንዲ ባንድ ለጭፈራ ሲጫወት፣ ታዳሚዎቹ የአገሩ ልጆች ጥቂት ይጫወቱ ዘንድ ጠየቁ። ሦስት ጐረምሶች ያረጀ ጊታር፣ ማንዶሊንና የተጐሳቈለ ባስ ይዘው ወጡ። እግራቸውን መሬት እየመቱ ያንኑ ነገር ይደጋግሙት ጀመር፤ የብር ሣንቲም እንደ በረዶ ዘነበባቸው። ኖታ አንባቢው ሃንዲ የእርሱ ሙዚቀኞች ለምሽቱ ከሚከፈላቸው የሚበልጥ ገንዘብ እግራቸው ሥር ተቈልሎ አየ። የዚህን ሙዚቃ ውበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው ይላል። እኛም ይህን ግልጽነቱን እንወድለታለን፤ ብዙ ሰው ጆሮዬ ነቃ ይላል እንጂ ሣንቲሙን አይጠቅስም።

በ1909 ሃንዲ በሜምፊስ ነበር። ኤድዋርድ ክራምፕ የተባለ ሰው ለከንቲባነት ሲወዳደር፣ ለምርጫው ዘመቻ ዜማ ጻፈለት። ዜማው ተወደደ። ሃንዲም አሻሽሎት በ1912 «ሜምፊስ ብሉዝ» ብሎ በራሱ ወጪ አሳተመው። ሃንዲ እንደ ጻፈው ቅጂዎቹ አልተሸጡም ተባለ፤ እርሱም ተስፋ ቈርጦ መብቱን ከ100 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ። ገዢው በ1913 ግጥም አስጽፎ እንደገና አሳተመው። በጁላይ ወር 1914 ሁለቱ ታላላቅ የሸክላ ኩባንያዎች፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ቀረጹት። (የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።)

እዚህ ላይ ሕጉን መረዳት ያስፈልጋል። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በራሱ ለሚጫወት ፒያኖ የተበሳ የወረቀት ጥቅል ሰው በዓይኑ አንብቦ ሊረዳው ስለማይችል የኖታ ቅጂ አይባልም ብሎ ፈርዶ ነበር። እንግዲህ በዚህ አስተሳሰብ ዜማ ጸሐፊው ከመሣሪያ ምንም አያገኝም ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1909፣ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ። ባለመብቱ ዜማውን አንድ ጊዜ እንዲቀረጽ ከፈቀደ ማንም ሊቀርጸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሸክላ ወይም ጥቅል 2 ሣንቲም ይከፍል ነበር። 2 ሣንቲም ትንሽ ትመስላለች። 100 ዶላር ግን የ5,000 ሸክላ ድርሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የተሸጠው ሁሉ ለገዢው እንጂ ለሃንዲ አልነበረም። ሕጉ ሳይጐድልበት ሰው ሊራቈት እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ነው።

ሃንዲ ዳግመኛ አልተታለለም። ሃሪ ፔስ ከተባለ የተማረ ጥቁር ወዳጁ ጋር ማተሚያ ኩባንያ አቋቁመው ነበርና፣ በ1914 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን ጽፎ በራሱ ቤት አሳተመው። ባሏ ትቷት የምታዝን ሴት ዘፈን ነው። በብሉዝ ልማድ አንዱ ስንኝ ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ሦስተኛው ይመልሳል። ሃንዲ የሕዝቡን ዘፋኞች የሚያንሸራትት ድምፅ በፒያኖ ለማስመሰል ሦስተኛዋንና ሰባተኛዋን ኖታ ዝቅ አድርጎ ጻፈ፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የታንጎ ምት አስገባ። በ1918 ወደ ኒው ዮርክ ተዛወሩ። ፔስ ተለይቶ በ1921 «ብላክ ስዋን» የተባለ፣ በጥቁሮች የተያዘ የሸክላ ኩባንያ ከፈተ፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። የሃንዲ ዘፈን ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው እየተላለፈ ዓለምን ዞረ፤ የጻፈውም ሰው ኖረበት።

አሁን ወደ ጊታር መቺው እንመለስ። ስለ ባቡር ሐዲዶቹ የዘፈነውን ቃል ሃንዲ በ1914 «የሎው ዶግ ራግ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ አስገባው። ድርሰቱ በኋላ «የሎው ዶግ ብሉዝ» ተብሎ በሸክላ ብዙ ተሸጠ። የዚያን ጊዜው ሕግ የሚያውቀው ወረቀት ያስመዘገበውን ነበር። ያ ሰው ወረቀት አልነበረውም፤ ምናልባትም የሰማውን መልሶ የዘፈነ ነበር። በ1938 ጄሊ ሮል ሞርተን የተባለው ፒያኖ ተጫዋች ሃንዲን በጋዜጣ ክፉኛ ዘለፈው፤ የብሉዝ ፈጣሪ መባሉ ሐሰት ነው አለ። ሃንዲ የመለሰው የጻፍሁትን ሁሉ አስመዝግቤያለሁ በማለት ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

በመካከላችን ስለዚህ ነገር ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ሃንዲ ሌባ ነው አልን። አብዛኞቻችን ግን አልተስማማንም። አዝማሪ ከአዝማሪ ይቀበላል፤ ሃንዲም ከተቀበለው በላይ ጨምሮ፣ አስማምቶ፣ ሌላው ባንድ ሊጫወተው በሚችል ኖታ አስቀምጧል። ከማን እንደ ሰማም አልደበቀም። በደሉ፣ በደል ካለ፣ ከዜማ ጸሐፊው በፊት ለነበረው ሰው አንዲት ሣንቲም እንኳ ባልቈረጠው ሥርዐት ላይ ነው። ይህ ግን የአብዛኛው አሳብ ነው፤ ያልተስማሙት ጓደኞቻችን ከሸክላው በኋላ ይናገራሉ።

የ1912ቱ ዘፈን ፍጻሜ ይቅደም። የዚያን ጊዜው መብት የሚጸናው 28 ዓመት ሲሆን፣ በጊዜው ከታደሰ ሌላ 28 ዓመት ይጨመርለት ነበር። ሃንዲ ጠበቀ። በ1940 መብቱ ታድሶ «ሜምፊስ ብሉዝ» ወደ እጁ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ66 ዓመት አልፎ ነበር። በ1943 ከምድር በታች ባቡር መሳፈሪያ ላይ ወድቆ ዐይኑ ጠፋ፤ በ1958 በ84 ዓመቱ ሞተ።

አሁን የምትሰሙት «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» በጃንዋሪ 14 ቀን 1925 በኒው ዮርክ ለኮሎምቢያ የተቀረጸ ነው። የምትዘፍነው ቤሲ ስሚዝ ናት፤ ኮርኔቱን የሚነፋው ሉዊ አርምስትሮንግ ነው፤ ከበስተኋላ የምትሰሙት በእግር የሚነፋ ትንሽ ኦርጋን ነው። እርሷ አንዱን ሐረግ ስትጨርስ ኮርኔቱ እንዴት እንደሚመልስላት አዳምጡ። በሩን እባካችሁ ዝጉልን።