ከቀብር በፊት እንድረስ





በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ እንድናገር ዕድል ስለ ተሰጠኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የመረጥሁት አርእስት ራስን ስለ ማጥፋት ነው። ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋልና ዝም ልንለው አይገባም።

ሕፃን ሲከፋው ያለቅሳል። አዋቂ ሰው ግን «ምን ይሉኛል» ብሎ ኀዘኑን በሆዱ ይይዛል። ታዲያ አደጋውን በምን እናውቃለን? ኤድዊን ሽናይድማንና ኖርማን ፋርበሮ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 በሎስ አንጀለስ ከተማ ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ማዕከል አቋቁመው ነበር። እነርሱ የሟቾችን ታሪክ ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ አስቀድመው በቃል ወይም በሥራ ምልክት ሰጥተው እንደ ነበር ተረዱ። እንግዲህ «የሚናገር ሰው አያደርገውም» የሚባለው ስሕተት ነው።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ማለት፣ ከወዳጅና ከማኅበር መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ማብዛት፣ የሚወዱትን ዕቃ ያለ ምክንያት ማደል፣ እንደ ተሰናባች መናገር። አንዱ ምልክት ብቻውን አያስፈርድም። ሥራ ባጣ፣ ዕዳ በከበደው፣ የሚወደው በሞተበት፣ ይልቁንም ቀድሞ በሞከረ ሰው ላይ ሲታይ ግን ፈጥኖ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው «ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብሎ ይፈራል። በጥናት የታወቀው ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ነው። ስለዚህ ለብቻ ወስዶ «ራስዎን ለማጥፋት እያሰቡ ነውን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። «አዎን» ያለ እንደ ሆነ አንገሥጸው፤ እናድምጠው። ብቻውን አንተወው፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ።

ማድመጥ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ቻድ ቫራ የተባሉ ካህን እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን ሳማሪታንስ የተባለውን ማኅበር ሲጀምሩ፣ ወደ እርሳቸው የሚመጡትን ችግረኞች ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያቀረቡ ያጫውቷቸው ነበር። ብዙዎቹ ልባቸው ስለ ቀለለላቸው ካህኑን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ቀረ።

ከመካከላችን ይህን ሐሳብ የተሸከመ ቢኖር ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ተክሎ ያስተዛዝናል። ይህ መልካም ባህላችን ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን በሕይወት ሳለ ደጁን አንኳኩተን «እንዴት ነህ?» እንበለው፤ መልሱንም ተቀምጠን እንስማ።