ቅጣቱ ከበዛ ይግባኝ አለ
(ለማኅበራችን አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በጎግ አንድ ቤተሰብ ላይ እስራት ሲፈረድ ሸክሙ ሴቶቹ ላይ ይወድቃል። ስንቅ የምናመላልሰው፣ ልጆቹን የምናበላው እኛ ነን። አንድ ዓመት ተጨመረ ወይም ተቀነሰ ማለት የቤታችን ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ግን «አንዴ ተፈርዷል» ብለን እንቀመጣለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የይግባኝ መብት ሰጥቶናል። በወረዳው ፍርድ ቤት የተወሰነው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ጥፋቱን ያመነ ሰው እንኳ በቅጣቱ መጠን ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል።

የይግባኝ ዳኞች ምን ያያሉ? እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ድምሩን ብቻ አይተን አንፈርምም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደ መጣ እንጠይቃለን። የእነሱም ሥራ ይህንኑ ይመስላል። «በዛ» ማለት ብቻ አይበቃም። ቅጣቱ አንቀጹ ከፈቀደው አልፏል? በ2006 ዓ.ም. በተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ መሠረት የወንጀሉ ደረጃ በትክክል ተይዟል? ያልተረጋገጠ ማክበጃ ተቆጥሯል? ማቅለያስ ተዘሏል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ ከባድ ችግርን፣ ከልብ መጸጸትንና ተበዳይን መካስን በማቅለያነት ይዘረዝራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አስተያየት ሲጠይቅ ማቅለያውን ከነማስረጃው እናቅርብ። በሽማግሌ ፊት የተከፈለ ካሳ ከባድ ወንጀልን ከክስ አያድንም፤ በጽሑፍ ከተያዘ ግን ለማቅለያ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን እንቁጠር። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ መጠየቃችንን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ እናስታውቃለን፤ የፍርዱን ግልባጭ ከወሰድን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን እናስገባለን። እስረኛ በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሩ ለዐቃቤ ሕግም ክፍት ነው። ልጃችንን የጎዳ ሰው በቀላል ቅጣት ቢታለፍ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄደን ይግባኝ እንዲል እንጠይቅ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከቀበሌ ተነሥታ ፑኙዶ ለምትመላለስ እናት 15 ቀን አጭር ነው። የመኪና ሒሳብና የማመልከቻ ማስጻፊያ ስታጣ መብቷ ያልፋል። ማንበብ የምንችል አባላት ግልባጩን እናንብብላት፣ ቀኑን እንቁጠርላት፤ እናንተም መንገዷን አግዙልን።