«ከእግዚአብሔር በታች አንቺ ነሽ»

(በምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሁሉንም የሚመለከት ርዕስ ምረጪ» ሲሉኝ ብዙም አልተቸገርኩም። ከ50 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሚገኙ ወንዶች የግማሽ ያህሉ ፕሮስቴት ማደግ ጀምሯል፤ በ80ዎቹ ደግሞ የአብዛኞቹ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠጉራችሁ የሸበተ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ስለ እናንተው ነው የማወራው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወደ እኔ የሚመጡ አባቶች ብዙ ጊዜ ከልጃቸው ጋር ነው የሚገቡት። «ውኃ ሽንት ያመላልሰኛል» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም። ሐኪሟም ሴት ናት። አማራጮቹን ዘርዝሬ «እርስዎስ የቱን ይመርጣሉ?» ስል፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ ከእግዚአብሔር በታች አንቺ ነሽ» ይሉኛል። እምነታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚህ ሕመም እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ።

የምናውቀው የምልክት መለኪያ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 35 ነው። ስምንተኛው ጥያቄ ድምሩ ውስጥ አይገባም፦ ሽንትዎ አሁን ባለበት ሁኔታ ዕድሜ ልክዎን ቢቀጥል ምን ይሰማዎታል? ስንቸኩል የምንዘለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።

ምክንያቱም ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ኑሯቸው አይመሳሰልም። ሌሊት አራቴ የሚነሱ የጥበቃ ሠራተኛ «ድሮስ መች እተኛለሁ?» ብለው ይስቃሉ። ቅዳሴ ገብተው መውጣት ለማይችሉ ካህን ግን የአንድ ሰዓት መታገሥ ትልቅ ነገር ነው። ውዱእ አድርገው ሲነሱ ጠብ እያለ የሚያስቸግራቸው አባት ጭንቀታቸው ሌላ ነው። ሁለተኛ ትዳር መሥርተው ልጅ የሚፈልጉ ደግሞ አሉ።

ሕክምናውም እንደዚያው ነው። እንደ ታምሱሎሲን ያሉት መድኃኒቶች በቀናት ውስጥ ማቅለል ይጀምራሉ፤ ሲነሱ ሊያዞሩ፣ የዘር ፈሳሽም ሊቀንሱ ይችላሉ። ፊናስቴራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ በአንዳንዱም ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ወራት እንደሚፈጅ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። በሽንት ቧንቧ በኩል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከመድኃኒት የበለጠ እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን በብዙዎች ላይ የዘር ፈሳሹ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ለጤና አይጎዳም፤ ልጅ ለሚፈልግ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሰማት ያለበት ነገር ነው። ብዙ ለማይቸገር ደግሞ ማታ ማታ ፈሳሽና ቡና ቀንሶ በክትትል መቆየት ራሱ ምርጫ ነው።

ሁሉ ነገር በምርጫ ነው ማለቴ አይደለም። ሽንት በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ በዚሁ ምክንያት ኩላሊት ሲጎዳ፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሲፈጠር «ቀዶ ሕክምናው ያስፈልግዎታል» ብለን በግልጽ መናገር አለብን። ደም ሲታይም መጀመሪያ ምክንያቱ ይጣራል።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ልጁን «አንተ ትንሽ ውጭ ጠብቀን» እለዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ጸሎታቸው እጠይቃለሁ። «ከነገርኩዎት ውስጥ የቱ ያሳስብዎታል?» እላለሁ። ያኔ አንቺ ታውቂያለሽ ያሉት ሰው ራሳቸው ይመርጣሉ። አንዳንዴ እኔ ያሰብኩትን አይመርጡም፤ የመረጡትን ግን ይዘውት ይቆያሉ።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትልቅ ዕጢ ይዞ ምንም የማይሰማው አለ፤ ትንሽ ዕጢ ይዞ እንቅልፍ ያጣም አለ። ተማሪው ሕመምተኛ ሲያቀርብ «ዕጢው ስንት ግራም ነው?» ካላችሁት በኋላ «ሰውየውስ ምን አሉ?» በሉት። መልስ ካጣ ወደ አልጋው መልሱት።

ወንድሞቼ፣ እናንተም ተራችሁ ሲደርስ ልጃችሁ ሳይሆን እናንተ ተናገሩ።