ሴናተሮቻችንን ማን ይምረጥ? እኛ ወይስ የስቴቱ ምክር ቤት?

(በማኅበራችን የመራጮች ትምህርት ዕለት ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ምርጫ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ የት እንደምንመዘገብና ምን መታወቂያ እንደሚያስፈልግ ተናግሬ ልወርድ እችል ነበር። እሱን ከእኔ በኋላ የምትናገረው እኅታችን በደንብ ታስረዳችኋለች። እኔ የመረጥኩት በዚህ በምንኖርበት አገር አልፎ አልፎ የሚነሣ አንድ ክርክር ነው። «ሴናተሮችን ሕዝቡ መምረጡ አልበጀም፤ እንደ ጥንቱ የየስቴቱ ምክር ቤት ይምረጣቸው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ የጆርጂያው ሴናተር ዜል ሚለር በ2004 ሕገ መንግሥቱ በዚህ መልክ እንዲሻሻል ረቂቅ እስከ ማቅረብ ደርሰው ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የምትል ካለች አንድ ነገር ላንሣ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን እዚህ የመጣነው በዲቪ ነው። ዲቪ የቆመው በ1990 በወጣ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በ2013 ሴኔቱ በ68 ድምፅ ለ32 ያሳለፈው ትልቅ የኢሚግሬሽን ረቂቅ፣ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች መንገድ የሚከፍት ቢሆንም ዲቪን ግን ያስቀር ነበር። ሌላው ምክር ቤት ለድምፅ ስላላቀረበው ሕግ ሳይሆን ቀረ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም ሆኑ አዲስ አበባ የሚላኩ አምባሳደሮች የሚጸድቁት በዚሁ ሴኔት ነው። እንግዲህ እነዚህን 100 ሰዎች ማን ይምረጣቸው የሚለው ጥያቄ ቤታችን ድረስ የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ስቴት ሁለት ሴናተሮች ይኑሩት፣ የሚመርጣቸውም የስቴቱ ምክር ቤት ይሁን ይል ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤቱን ብቻ ነበር። የጻፉት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ሴናተሩ የስቴቱ መልእክተኛ ሆኖ ማዕከላዊው መንግሥት የስቴቶችን ሥልጣን እንዳይውጥ ይጠብቃል፤ በሰሞኑ ወሬ የሚነዳ ሳይሆን ረጋ ያለ ሰው ይሆናል ብለው ነው።

በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። በ1858 በኢሊኖይ አብርሃም ሊንከንና ስቲቨን ዳግላስ በሰባት ከተሞች እየተዘዋወሩ ተከራከሩ። ሕዝቡ ቆሞ ሰማ እንጂ ለሊንከን ወይም ለዳግላስ ድምፅ አልሰጠም። ድምፁን የሰጠው ለስቴቱ ምክር ቤት አባላት ነበር። የሊንከን ፓርቲ በአጠቃላይ የበለጠ ድምፅ ቢያገኝም፣ የምርጫ ክልሎቹ አከፋፈልና የምርጫቸው ጊዜ ያልደረሰ አባላት ሁኔታ ለዳግላስ ስላደላ፣ ምክር ቤቱ 54 ለ46 ዳግላስን መረጠ።

በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰበት። ሁለቱ የምክር ቤት ክፍሎች ወይም ፓርቲዎቹ አልስማማ እያሉ ወንበሩ ባዶ ይቀር ጀመር። ከ1891 እስከ 1905 ባሉት ዓመታት ብቻ በ20 ስቴቶች 45 ጊዜ እንዲህ ያለ መቆላለፍ ተከስቷል። ደላዌር ከ1901 እስከ 1903 በሴኔት አንድም ሰው አልነበራትም። ምክር ቤቱ ሴናተር ሲመርጥ በሚውልበት ቀን መንገዱም ትምህርት ቤቱም ይረሳል።

ገንዘቡም አለ። የሞንታናው የመዳብ ባለጸጋ ዊልያም ክላርክ በ1899 ሲመረጡ የምክር ቤቱን አባላት በገንዘብ ገዝተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ የሴኔቱ ኮሚቴ ምርጫቸው እንዲሻር ሲወስን በ1900 ራሳቸው ለቀቁ። በ1901 ግን ያው ምክር ቤት እንደገና መርጦ ላካቸው! የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1909 የመረጣቸው ዊልያም ሎሪመርም በጉቦ ምክንያት በ1912 ምርጫቸው ተሰርዟል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን እዚህም የሚሠራ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ኦሬገን ቀድማ መንገድ አበጀች፤ ሕዝቡ የሚፈልገውን ሴናተር በድምፅ ይናገራል፣ የምክር ቤት ዕጩዎችም ያንን ሰው እንመርጣለን ብለው አስቀድመው ቃል ይገባሉ። በ1912 እስከ 29 የሚደርሱ ስቴቶች በዚህ ወይም በተመሳሳይ መንገድ የሕዝቡን ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። በ1913 አሥራ ሰባተኛው ማሻሻያ ጸደቀና ሴናተሮችን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ተደነገገ። የእኛዋ ሜሪላንድ በዚያው ዓመት ኅዳር ሴናተሯን በሕዝብ ድምፅ መርጣለች። ማሻሻያውን ለታሪክ ያህል ያጸደቀችው ግን በ2012 ነው።

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳልነግራችሁ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። «ዛሬ ሴናተር ለመሆን እጅግ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም ከሌላ ስቴት ይመጣል፤ ሴናተሩ ከስቴቱ ይልቅ ለገንዘብ ሰጪውና ለፓርቲው ያድራል፤ ዋሽንግተን ትእዛዝ ስታወርድ ወጪውን ስቴቱ ይሸከማል፤ ለስቴቱ የሚሟገት የለም» ይላሉ። ውሸት ነው አልልም። ግን መድኃኒቱ የመራጩን ቁጥር መቀነስ ነው ወይ? በአናፖሊስ የሚቀመጡት የሜሪላንድ ምክር ቤት አባላት 188 ናቸው። በሪችመንድ የቨርጂኒያዎቹ 140 ናቸው። ገንዘብ ያለው ሰው ሚሊዮኖችን ከማሳመን ይልቅ የ188 ሰው ግማሽ ለማግኘት ይቀለዋል። በዚያ ላይ የምክር ቤቱን የምርጫ ክልሎች ፖለቲከኞች ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ሊያሰምሩ ይችላሉ። የስቴቱን ድንበር ግን ማንም እንዳሻው አያንቀሳቅሰውም።

ሌላም ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሃይረም ሬቭልስ በ1870 የተመረጡት በሚሲሲፒ ምክር ቤት ነው፤ ብላንች ብሩስም በ1874 እንዲሁ። ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር የማሳቹሴትሱ ኤድዋርድ ብሩክ ሲሆን፣ ያም በ1966 ነው። ታዲያ ምክር ቤቱ ይሻል ነበር ማለት ነው? አይደለም። ያን ጊዜ ከባርነት የወጡት ጥቁር ወንዶች ድምፅ ይሰጡ ስለነበር ምክር ቤቱም መልካቸውን ያዘ። ድምፃቸው በማስፈራራትና በሕግ ሲቀማ ምክር ቤቱም ሆነ ቀጥታ ምርጫው አልጠቀማቸውም። በሴቶችም ያው ነው። ምክር ቤቶች በመረጡባቸው ከመቶ ዓመት በላይ አንዲት ሴት ሴናተር አልነበረችም፤ ግን አብዛኞቹ ሴቶችም እስከ 1920 አይመርጡም ነበር። በሕዝብ ድምፅ የመጀመሪያዋ የአርካንሳሷ ሃቲ ካራዌይ ናቸው፤ በ1932። የሜሪላንዷ ባርባራ ሚከልስኪ፣ በሙያቸው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የነበሩት፣ በ1986 ተመርጠው 30 ዓመት በሴኔት አገልግለዋል።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1955ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንዲመርጥ የተፈቀደለት የሕግ መምሪያውን ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957ቱ ምርጫ ፓርላማ የገቡት በዚያ በሕዝብ ድምፅ በኩል ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው ሊመርጡ ወይም ሕዝቡን በቀጥታ ሊያስመርጡ እንደሚችሉ ይላል። ሁለቱንም በሮች ክፍት አድርጓል፤ በተግባር የሚመርጡት ግን ምክር ቤቶቹ ናቸው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው አንድ ነገር ነው። የተሾመ ሰው ዓይኑ ያለው በሾመው ላይ ነው። እድራችንን አስቡት። ዳኛውን ጠቅላላ ጉባኤው ከመረጠው ለጉባኤው መልስ ይሰጣል፤ አምስት ሰዎች ጓዳ ውስጥ ከመረጡት ለአምስቱ። ስለዚህ ሴናተሩን ሕዝቡ ይምረጥ እላለሁ። ነገር ግን የማይጠቀሙበት መብት የተዘጋ በር ነው። ሰው ሳይወጣ ሲቀር ጥቂቶቹ ይመርጣሉ፤ ያኔ የ1858ቱ ኢሊኖይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በተለይ ፕራይመሪ የሚባለውን የፓርቲዎች የዕጩ ምርጫ አትናቁት። በብዙ ቦታ ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ነው። ሴናተር የሚመረጠው ለስድስት ዓመት ስለሆነ አንድ ምርጫ ብትቀሩ የምትጠብቁት ረጅም ነው። ገና ዜግነት ያልወሰዳችሁም ብትሆኑ በስቴታችሁ የሴናተሩ ቢሮ ስልክ ደውላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የቪዛና የወረቀት ጉዳይ ሲዘገይ የሚረዱ ሠራተኞችም አሏቸው።

በመጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ እኅቶቼን አልረሳሁም። እናንተን በምክር ቤትም በሕዝብም የሚመረጥ ሴናተር የላችሁም። ግብር ትከፍላላችሁ፣ ልጆቻችሁ ለውትድርና ይሄዳሉ፣ በሴኔት ግን የሚናገርላችሁ የለም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ዲሲ ስቴት እንድትሆን በ2020 እና በ2021 ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ ሴኔቱ አላሳለፈውም። እኛ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አባላት ሁለት ሁለት ሴናተሮች አሉን። የእነሱን ጥያቄ ይዘን ብንደውል፣ ብንጽፍ፣ በምርጫ ቀንም ብናስታውስ፣ መረዳዳት የተባለው ማኅበራችን ስሙን የሚያሟላው ያን ጊዜ ነው።

 የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ሻይ ከመቅዳታችሁ በፊት እለፉበት።