ቆጣሪው ሌሊት ለምን ይዞራል?

በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

(ተናጋሪው ከአርባ ዓመት በላይ በቧንቧ ሥራ የቆዩ አባላችን ናቸው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ ነዋሪዎች ያነቡት ዘንድ ንግግሩ እንደተነገረ ተጽፎ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች በውሃ ሒሳብ ተጣልተው ጉዳያቸው ወደ ሽማግሌ መመራቱን ሰምታችኋል። ሰብሳቢያችን «እርስዎ የቧንቧ ሰው ነዎትና ስለ ነገሩ ጥቂት ይንገሩን» ቢሉኝ እሺ ብዬ መጣሁ። ማን እውነት እንዳለው አላውቅም፤ ለመፍረድም አልመጣሁም። እኔ የምናገረው ከፍርድ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ ነው። ይኸውም የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ስለ ሌላው ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። በ1979 ዓ.ም. እኔ በነበርኩበት ግቢ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። ሒሳቡን የምንካፈለው በቤተሰብ ቁጥር ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት ሒሳቡ በድንገት ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከመካከላችን ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ነበሩ። ጠላ ውሃ እንደሚፈልግ ማን ያጣዋል? እኔም ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሌላው ሰው ያምነኛልና፣ «ውሃውን የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው» ብዬ ተናገርኩ። የሒሳቡን ግማሽ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ሁለት ወር ከፈሉ። በሦስተኛው ወር መክፈሉ ስለከበዳቸው የግቢውን ውሃ ትተው ከቦኖ በእንስራ ያስቀዱ ጀመር። የሚቀዳችላቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ነበረች።

ሒሳቡ ግን አልቀነሰም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። አንድ ሌሊት ተነሥቼ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቼ ቆጣሪውን በባትሪ ባየው ይዞራል። እየተከተልኩ ስቆፍር ቧንቧው የተበሳው የት ነው? በእኔው ወጥ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ክርኑ ላይ ዝጎ ነው። ውሃው ወደ ላይ አይወጣም፤ ከሥር ባለው ድንጋይ መካከል እየሰረገ ይሄድ ነበር። የከፈሉትን ትርፍ ገንዘብ ይዤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ይቅርታውንም ሰጡኝ። የግቢውን ውሃ ግን ቤቱን እስኪለቁ ድረስ ዳግመኛ አልቀዱም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ማንበብ እንወቅ። በአብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ ሒሳብ የሚመጣባችሁ በእነዚህ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጊዜ ነው። ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። በመካከሉ ኮከብ የምትመስል ወይም ሦስት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ተሽከርካሪ አለች። እሷ እጅግ ጥቂት ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትንቀሳቀሳለች። ሌባውን የምትጠቁመን እሷ ናት።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ማናቸውንም ቧንቧ ዝጉ። ሮቶ ያላችሁ የሮቶውን መግቢያ መዝጋት እንዳትረሱ፤ ሮቶው እየሞላ ከሆነ ቆጣሪው በሐቅ ነው የሚዞረው። ከዚያ ቀዩን ቁጥር ጭምር ወረቀት ላይ ጻፉ። ጧት ማንም ውሃ ሳይነካ ተመልሳችሁ አንብቡ። ለምሳሌ በስምንት ሰዓት ውስጥ 40 ሊትር ቢያልፍ፣ በሰዓት 5 ሊትር፣ በቀን 120፣ በወር 3,600 ሊትር ሆነ። ይኸ 18 ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው! በከተማችን ደግሞ የፍጆታው መጠን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ የፈሰሰው ውሃ የተጠቀማችሁበትንም ያስወድደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እንደምታውቁት ውሃ ወደ እኛ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መስመሩ ባዶ በሆነበት ቀን ብትመረምሩ ቆጣሪው ዝም ይላል፤ እናንተም «ቧንቧችን ደህና ነው» ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ውሃው ተመልሶ በሚመጣበት ሰዓት ደግሞ ፊት ፊቱን የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ይችላል። ስለሆነም ውሃው መጥቶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ በደንብ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው ምርመራው የሚያዝ። በአብዛኛው ይኸ ሌሊት ነውና እንቅልፍ ማጣት አለበት። ምን ይደረግ?

ቆጣሪው ዞረ እንበል። አሁን ደግሞ ውሃው ወደ ቤት የሚገባበትን መዝጊያ ዝጉ። ከቆመ ችግሩ ከቤት ውስጥ ነው። መዞሩን ከቀጠለ በቆጣሪውና በቤቱ መካከል፣ ከግቢው መሬት ሥር ነው። ብዙ ቤት ያለበት ግቢ ከሆነ የእያንዳንዱን ቤት መዝጊያ በየተራ እየዘጉ መሞከር ነው። የየቤቱ መዝጊያ ለብቻው ከሌለ ግን ማን እንዳፈሰሰ ማወቂያ የለምና፣ ለክርክር ከምታወጡት ገንዘብ በፊት መዝጊያ ግዙ።

ከቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሽንት ቤት ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ ካለው ማጠራቀሚያ ወደ መቀመጫው እያንሸራተተ ይወርዳል። የተረፈ ጥቁር ቡና አጥልላችሁ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ውሃ ሳይለቅበት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከጠቆረ የታችኛው ጎማ አርጅቷል ማለት ነው። (ቡናውን ለዚህ ማዋል የሚያሳዝናቸው እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ጠቆር ያለ ሻይም ይሆናል።) ከሮቶ በኋላ ያለውን መስመር ደግሞ ቆጣሪ ቶሎ አይነግራችሁም። ማታ የሮቶውን መግቢያ ዘግታችሁ ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፣ ጧት እዩት።

ከመሬት ሥር የሆነ እንደ ሆነ ዐይንና ጆሮ ያስፈልጋል። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ለምልሞ ካያችሁ፣ ወይም ዝናብ ሳይኖር ግድግዳው ከሥሩ እየረጠበ ቀለሙ ካበጠ፣ እዚያ ጠርጥሩ። ነገር ግን ውሃ ቁልቁል ይሄዳልና የረጠበው ሥፍራና የተበሳው ሥፍራ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የብረት ቧንቧ ሲሆን እኛ የምናደርገው፣ በጸጥታ ሰዓት የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ቧንቧው ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮ ላይ ማድረግ ነው። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ እየጎላ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትከተላላችሁ። የረጠበው ግድግዳ የኤሌክትሪክ መስመር ካለበት ግን መጀመሪያ መብራቱን ከዋናው አጥፉ፤ በእርጥብ እጅ ማንም እንዳይነካው።

ጥገናውን በተመለከተ አጭር ልሁን። የሚንጠባጠብ ቧንቧ በአብዛኛው የጎማ ነገር ነው፤ ውሃውን ከመዝጊያው ዘግቶ፣ ራሱን ፈትቶ፣ በልኩ ጎማ መለወጥ ነው። እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ አያድንም፤ ጎማው የሚያርፍበትን ብረት ያበላሽና አዲሱም ጎማ እንዳይቆይ ያደርጋል። በጥርስ የተያያዘ ብረት ከተንጠባጠበ ተፈትቶ፣ አሮጌው ቃጫ ተጠርጎ፣ አዲስ ቃጫ ወይም ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ተጠምጥሞ ይታሰራል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲታሰር ይተረተራል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት የውስጥ ጎማ በሽቦ ማሰር ሠራተኛ እስኪመጣ ነው እንጂ ጥገና አይባልም። ከውስጥ የዛገ ቧንቧ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ ብትደፍኑት ከጎኑ ሌላ ይከፍታልና፣ ያንን ክፍል ቆርጦ መለወጥ ይሻላል። በሙቀት የሚጣበቀውን የፕላስቲክ ቧንቧ መሣሪያው ላለው ሰው ተዉለት።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የእኛ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ መንገድ ላይ ፈሶ ካያችሁ ግን አትቆፍሩ፤ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ አመልክቱ።

«ጥቂት ነው፣ ይፍሰስ» የሚሉም አሉ። ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ፈረቃው ሲዘጋና መስመሩ ባዶ ሲሆን ዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ቧንቧችሁ በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ምን እንደሚስብ እኔ አልነግራችሁም። ውሃው ሲመለስ ያንኑ ለልጆቻችን እንቀዳለን። ስለዚህ ሒሳቡን መክፈል የሚችልም ሰው ቢሆን ቀዳዳውን መተው አይገባውም።

ለተጣሉት ሁለት ቤተሰቦች የምለው ይኸን ነው። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ከሁለቱም ቤት አንዳንድ ሰው ቆጣሪው አጠገብ ይቁም። ቁጥሩን አብረው ያንብቡ፣ አብረው ይጻፉ፣ ጧትም አብረው ይመልከቱ። እኔም ከፈለጋችሁኝ እመጣለሁ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው ባይሆንም ካቻቢቴው አለኝ። የማኅበሩ ትልቅና ትንሽ የቧንቧ መፍቻ፣ እንዲሁም ቃጫ፣ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ይገኛል። ወስዳችሁ ስትጨርሱ ጠርጋችሁ መልሱ፤ ባለፈው ትልቁ መፍቻ ሲሚንቶ ጠጥቶ ነው የተመለሰው።