ዛፍ ሲቆረጥ የመንገደኛው ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን ዛፍ ሲቆረጥ በአካባቢው የሚያልፉ ሰዎችን ከአደጋ ስለ መጠበቅ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ለዲን ፕሮግራም እንግዳ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በጀነት ውስጥ ሲንፈላሰስ ስላዩት ሰው ነግረውናል። ሥራው ምን ነበር? መንገድ ላይ ሆኖ ሰዎችን ያስቸግር የነበረን ዛፍ መቁረጡ ነው።

ልብ በሉ! ሰውየው ይህን ደረጃ ያገኘው መጥረቢያ ስላነሳ ሳይሆን ሰዎች ከጉዳት ስለዳኑበት ነው። እንግዲያው የእኛ አቆራረጥ ራሱ አላፊ አግዳሚውን የሚጎዳ ከሆነ ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

በሀገራችን በከተማም በገጠርም በብዛት የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ያልተተከለበት ግቢ ጥቂት ነው። ቁመቱ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሙያው ሰዎች ዛፍ ከሥሩ ሲጣል ከቆራጮቹ በስተቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ እንዳይገኝ ያዛሉ። ለምን ሁለት እጥፍ? ዛፉ ሲወድቅ የደረቀ ቅርንጫፍ እየተሰበረ ይፈናጠራል፤ ጎረቤቱን ዛፍ ገጭቶ ያንን ደግሞ ሊጥል ይችላል፤ ወደታሰበለት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ጎን የሚዞርበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ለ30 ሜትር ዛፍ 60 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

በከተማ ሰፈር 60 ሜትር ስንት አጥር፣ ስንት ማጀት እንደሚይዝ አስቡት! ይህን ያህል ቦታ ማስለቀቅ ካልተቻለ ዛፉ ከሥሩ መጣል የለበትም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ወጥቶ ከላይ ጀምሮ በገመድ እያሰረ፣ እየቆራረጠ ያወርደዋል። ይህ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ለርካሽ ዋጋ ብሎ ከሥሩ የሚገነድስ ሰው መቅጠር ግን ትርፉን ለራስ፣ አደጋውን ለጎረቤት ማድረግ ነው።

ወደ ዛፉ ሥር የሚገባው ማነው? አንደኛ ሕፃናት ናቸው። ዛፍ ሲወድቅ ማየት ለእነርሱ ትልቅ ትርኢት ነው። ሁለተኛ ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙ እናቶችና እህቶች ናቸው፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ቀድማ የደረሰች ብዙ ታገኛለችና ቅርንጫፉ ገና መሬት ሳይነካ ይሮጣሉ። የሚያስሮጣቸው ችግር ነው። እነርሱን በስድብና በዱላ ማባረር አይጠቅምም፤ ዘወር ስንል ይመለሳሉ። ይልቅ ሥራው ሳይጀመር «እናቶቻችን፣ ጭራሮው ለእናንተ ነው፤ ከዚያ ማዶ ቆዩን፤ መጋዙ ሲጠፋ እንጠራችኋለን» ብሎ መስማማት ይሻላል። ቃል ከተገባም መፈጸም አለበት።

የሞተር መጋዝ የያዘ ሰው ሌላ ድምፅ አይሰማም። «ሰው አለ!» ተብሎ ቢጮህለት አይደርሰውም። ስለዚህ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ዓይኑ ከመንገደኛው የማይነሳ ጠባቂ ይቁምበት። ቆራጩና ጠባቂዎቹ በእጅ ምልክት አስቀድመው ይግባቡ፤ የመጨረሻው ቆረጣ ከመጀመሩ በፊትም መጋዙ ይቁምና ዙሪያው ይታይ። ገመድ መወጠር፣ ቀይ ጨርቅ መስቀል ጥሩ ነው፤ ግን ልጅ በገመድ ሥር ሾልኮ ይገባል። ገመድ የሰውን ቦታ አይተካም።

«ሰውስ ለምን ራሱን አይጠብቅም?» የሚል ይኖራል። መንገደኛም የተከለለ ቦታ ጥሶ መግባት የለበትም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ያዘዙት ባለ ቀስቱን ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ ሌላው ገብቶበት ቢጎዳ ተጠያቂ እንደሚሆን አስፍረዋል። በስህተት ነፍስ ላጠፋ እንኳ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ የደም ካሳንና ከፋራን ደንግጓል። ታዲያ የግቢው ባለቤት «እኔ ለቆራጮች በኮንትራት ሰጥቻለሁ» ብሎ እጁን ታጥቦ ይቀመጣልን? የልጁን አስከሬን ለወላጆቹ አስረክቦ «ቀደር ነው» ማለትስ ይበቃዋልን? በቀደር ማመን የኢማን መሠረት ነው፤ ለቸልተኝነት መሸፈኛ ሲሆን ግን ያሳፍራል።

ሰዓት መምረጥም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ነው። ተማሪ ሲገባና ሲወጣ፣ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ዛፍ አይጣልም። በመስጊድ ግቢ ያለ ዛፍ የሚያስቆርጡ ኮሚቴዎችም የጁምዓን ቀን ይተዉት፤ ከሰላት በኋላ ሕዝቡ በአንድ በር ይጎርፋልና።

የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ለብቻው ይታይ። ሽቦው መስመሩን በሚያስተዳድረው ድርጅት ሳይቋረጥ መጋዝ አይነሳም። በየሰፈሩ ከሚያልፉት መስመሮች 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ አሉ። ዛፍ ሽቦ በጥሶ ከወደቀ መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛልና ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ የወደቀውን ሰው ለማንሳት መሮጥ ሁለተኛ ሬሳ ይጨምራል። በአጠገቡ የተገኘ ሰው እግሮቹን አጣብቆ፣ ከመሬት ሳያነሳ፣ እየጎተተ ይራቅ።

አንዳንዴ የተቆረጠው ዛፍ ሳይወድቅ በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ቆራጮቹ መግሪብ ደረሰ ብለው ጥለውት ሲሄዱ መንገዱ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ይህ ዛፍ በሌሊት ነፋስ ሊወርድ ይችላል። እስኪወርድ ድረስ መንገዱ ተዘግቶ፣ ጠባቂው በቦታው ያድራል። በተዳፋት ላይ የተከመረ ግንድም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ በድንጋይ ወይም በችካል ካልተያዘ ይንከባለላል፤ ከበታቹም ልጆች እንዳይጫወቱ ይከልከሉ።